ደረጃ የሚያዞር ኮምፒውተር

መስከረም 18 ቀን

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኔም እናቴም ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። የሚገቡበትን በር ሁሉ ደግ ሰው ይክፈትልዎ፤ ውጭ አገር ብርዱም ሰዉም አይክፋብዎ።

ጋሼ፣ ባለፈው በስልክ “የፈለግሽውን ጠይቂኝ” ብለውኝ ነበር። ስጠይቅዎ ግን ግማሹን ሳልጨርስ “እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ” ብለው ስለ ግቢው አጥር መጠየቅ ጀመሩ። በስልክ መልእክት እንዳልልክልዎ ደግሞ “ፊደሉ አነሰብኝ” እያሉ አይከፍቱትም። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብያለሁ። ይዘውት ሱቅ ይገቡበታል፤ ተርጉመው ለሻጩ ይነግሩታል።

እንደሚያውቁት የምሠራው ብረታ ብረት ቤት ነው። ደረጃ፣ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ እናወጣለን። የምለካውና የምነድፈው እኔ ነኝ፤ በያጆቹ እኔ የነደፍኩትን ይቆርጣሉ። እስካሁን በእጅ ነበር። አሁን ግን ሥራ የሚሰጡን ተቋራጮች ፕላናቸውን በኮምፒውተር ፋይል ነው የሚልኩት፤ የእኛንም በዚያው ይፈልጉታል። ካድ የሚባለውን የንድፍ ፕሮግራም ተምሬ ጨርሻለሁ። የጎደለኝ መሣሪያው ነው። ሥራ ቤታችን ያለው አንድ ኮምፒውተር የሒሳብ ሠራተኛዋ መገልገያ ሲሆን እሱም ደረሰኝ ሲያትም እንኳ ያምጣል።

የብረታ ብረት ቤቱ ባለቤት ቁርጡን ነግሮኛል። እስከ የካቲት መጨረሻ የራሴን ኮምፒውተር ይዤ ንድፉን በፋይል ካላስረከብኩ፣ የራሱ ያለው ነዳፊ ይቀጥራል፤ እኔ ወደ ቀለም ክፍል እመለሳለሁ። ቀለም ክፍል ማለት ቀኑን ሙሉ አፍንጫን በጨርቅ አስሮ በር መርጨት ነው። ስንት ለምኜ፣ ስንት ተማርሬ የወጣሁበት ስለሆነ ተመልሼ መግባት አልፈልግም።

የምፈልገውን ልንገርዎ። ሰው የተጠቀመበት ይሁን። ወፍራም፣ ከባድ፣ የተጫጫረ ቢሆን ግድ የለኝም፤ እንዲያውም ላፕቶፕ ባይሆን፣ ጠረጴዛ ሥር የሚቆመው ዓይነት ቢሆን ይሻለኛል። ግን ለብቻው የሆነ ግራፊክስ ካርድ ይኑረው፤ ሜሞሪው ከአሥራ ስድስት ጊጋ አይነስ፤ ፕሮሰሰሩ ጠንካራ ይሁን። አዲሱን በዚህ ዓይነት ልግዛ ካሉ ኪስዎን ይጎዳል። ያገለገለ ጠንካራ ግን ከአዲስ ቀሽም ባነሰ ዋጋ ይገኛል። እባክዎ ጋሼ፣ ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ።

የእህትዎ ልጅ፣
ማስመሪያ የሚሏት

ጥቅምት 26 ቀን

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣ ለማስመሪያዬ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ተነሥቶ እናንተ ደጃፍ ድረስ ሳይደክም ይድረስ። እናትሽን፣ እትዬን፣ ጉልበቷን ስሚልኝ። ዕድሜዋን ያርዝምልኝ፤ አንቺንም ከሰው በላይ ያድርግሽ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ኩራት ነው የተሰማኝ። የእኔ የእህት ልጅ በኮምፒውተር ደረጃ ልትሠራ። እዚህ ጥበቃ የምሠራበት ሕንጻ ውስጥ ያሉት መሐንዲሶች ጠዋት ጠዋት ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሲገቡ “የእኔም ልጅ እንደ እናንተው ናት” ልላቸው ይቃጣኛል። አፌን ይዤ በሩን እከፍትላቸዋለሁ።

በዕረፍት ቀኔ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ዋልኩ። አንዱ ክራባት ያሰረ ሻጭ የጻፍሽውን ስነግረው ራሱን ነቀነቀና “ይህ ለትልልቅ ቢሮ ነው፤ ልጅቷ ምን ልትሠራበት ነው?” አለኝ። “ሥዕል” አልኩት። “ታዲያ ለምን አልነገርከኝም” ብሎ ወደ ሌላ መደርደሪያ ወሰደኝ። ልጄ፣ ምን የመሰለ ዕቃ አየሁ መሰለሽ። ስስ፣ ብርማ፣ በሁለት ጣት የሚነሣ። ብርማውን ትመርጫለሽ ወይስ ወርቅማውን? ቶሎ ጻፊልኝ።

ሰው የተጠቀመበት ያልሽውን እንዳልሰማሁ ቆጥሬዋለሁ። እኔ እዚህ እያለሁ አንቺ የሰው ትራፊ ይዘሽ ልትቀመጪ? ከዚያ በኋላ “ውጭ ያለው አጎቷ ሰዎች የጣሉትን ላከላት” ሲባል የት ልገባ ነው? አይሆንም።

ስለ አጥሩ አልጻፍሽልኝም። በምሥራቅ በኩል ያለው አሁንም ወደ ጎረቤት እንዳዘመመ ነው?

አጎትሽ

ኅዳር 20 ቀን

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣

እንደምን ከረሙ? እኛ ደህና ነን። አጥሩ እንዳዘመመ ነው።

ጋሼ፣ የምሠራው ሥዕል አይደለም። ሥዕል ስላሉት ነው አበባና ፀሐይ ለሚስሉ ልጆች ወደተዘጋጀው መደርደሪያ የወሰደዎት። እኔ የምሠራው ንድፍ ነው። አንድ ጠመዝማዛ ደረጃ ስነድፍ እያንዳንዱ ቱቦላሬ፣ እያንዳንዱ ብሎን ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ተቋራጩ “እስቲ ከሥር አሳዪኝ፣ እስቲ ከጎን አሳዪኝ” ሲለኝ ደረጃውን በሙሉ ላዞርለት ይገባል። ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ የሚያዞረው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ስሱ ኮምፒውተር ይህ ካርድ የለውም። የለፋ እንደሆነም ይግላል፤ ሲግል ይንቀራፈፋል። ለእኔ ሥራ ቅጥነት ምቾት ሳይሆን በሽታ ነው።

ቀለሙን ጠይቀውኛል። ጋሼ፣ ቀለሙ የአይጥ ይሁን። የድመት ይሁን። ቀለም እዚህ በበርሜል አለን።

ሰው ምን ይለኛል ላሉት፣ ሰውን ለእኔ ይተዉልኝ። ሰው የሚኖረው እኔ ያለሁበት ነው፤ እኔ እመልስለታለሁ። እርስዎ ብቻ ሻጩ ፊት ሲቆሙ ሥዕል የሚለውን ቃል አይጥሩብኝ።

ጊዜው እየሄደ ነው። ባለቤቱ ባለፈው ሳምንት የራሱ ኮምፒውተር ያለው አንድ ነዳፊ ጠርቶ አነጋግሯል። እኔ ፊት ለፊት ነው ያነጋገረው፤ መንገር የፈለገው ለእኔ ይመስለኛል።

የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 27 ቀን

ለማስመሪያዬ፣

በጤና ያግኝሽ። ደብዳቤሽ ትንሽ ቆጣ ያለ መሰለኝ፤ ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ደስ ይበልሽ፣ ገዝቻለሁ። ብርማውን ነው። ያልሽኝን አልረሳሁም፤ ሻጩን “ጠንካራ ነው ወይ?” ብዬ ጠይቄው “በጣም” ብሎኛል። በኋላ ተበላሸ ብትይኝ እንዳላፍር ከነካርቶኑ፣ ከነዋስትናው ነው።

ስለ ከባድ ያልሽውን ደግሞ አስቢው እንጂ። ከባዱን ማን ይወስድልኛል? እዚህ ወደ አገር የሚሄድ ሰው ኪሎ የሚባል ነገር ሲነሣበት ፊቱ ይለዋወጣል። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ናት ደግ ሆና “የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ የሚገባ ከሆነ” ያለችኝ። ሻጩን ሚዛን ላይ አድርግልኝ ብዬው መዝኖ አሳየኝ፤ ከአንድ ጥንድ ጫማ አይበልጥም። ቅዳሜና እሑዱን ሌላ ሕንጻ ላይ ሰው እየተካሁ የሠራሁበት ነው፤ ግን ላንቺ ያልሆነ ጉልበት ለማን ሊሆነኝ ነው?

ክፈቺውና የተሰማሽን ጻፊልኝ። ከሥራ ስገባ የፖስታ ሳጥኑን ነው የማየው።

አጎትሽ

ጥር 10 ቀን

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣

እንደምን አሉ? ኮምፒውተሩ በሰላም ደርሶኛል። እጅዎ አይጠር፣ ጉልበትዎ አይድከም፣ ለሰው እንዳሰቡ ለእርስዎም የሚያስብ አይጥፋ። እነዚህ ምርቃቶች የእናቴ ናቸው፤ አጠገቤ ተቀምጣ እያስጻፈችኝ ነው።

ሲከፈት መብራቱ ያምራል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ባትሪው ረጅም ጊዜ ይቆያል። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አይቶታል፤ ያልነካው የለም። እናቴ በመዳፏ መዝናው “ውስጡ ዕቃ አለው?” ብላለች። እኔም እሱን ነው የምለው። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሰርዢ ተብያለሁ፤ እንደተሰረዘች ይቁጠሩልኝ።

የንድፍ ፕሮግራሙንም ጭኜበታለሁ። ይከፈታል።

እናቴ “ምስጋናው አነሰ፤ ሰውዬው የዕረፍት ቀኑን ሠርቶ ነው” ስላለችኝ እደግመዋለሁ። እጅግ በጣም አመሰግናለሁ። ከጠበቅኩት በላይ ነው።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 2 ቀን

ለማስመሪያዬ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የሆንኩትን ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ። ለታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ አነበብኩላት። እሑድ እሑድ ለምንገናኘው ሰዎች አነበብኩላቸው። “ከጠበቅኩት በላይ ነው” የምትለው ላይ ስደርስ ቆም እያልኩ ነው። የአክስትሽም ልጅ ለትምህርቱ ኮምፒውተር ብሎ ጠይቆኝ ስለነበር ያንኑ ዓይነት ገዝቼለታለሁ፤ ማስመሪያ የመሰከረችለት ከሆነ ሌላ ምን አስመርጦኝ። ላንቺ ደግሞ ቦርሳና ሽፋን ልኬያለሁ። ሽፋኑ ወርቅማ ነው፤ ብርማውን ስገዛ ወርቅማው ዓይኔ ላይ ቀርቶ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። በእሱ ኮምፒውተር የእኔን ቤት ንደፊልኝ። ትልቅ አይሁን። ሳሎኑ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት፣ ለእትዬ ደረጃ የሌለው አንድ ክፍል ያለው። መቼ እንደምሠራው አትጠይቂኝ፤ ግን ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ልለጥፈው። ሰው ሲመጣ የማሳየው ይኑረኝ።

እዚህ ወሬው መሐንዲሶቹ ዕቃ መቀየራቸው ነው። አሮጌ ኮምፒውተሮቻቸውን በር ላይ ከምረው “የፈለገ ይውሰድ” አሉን። ለእኔም አንዱን ሰጡኝ፤ እምቢ ማለት አሳፍሮኝ ተቀበልኩ። ልጄ፣ ወፍጮ በይው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ፤ ሲከፈት ያጓራል። ድልድይ ሲነድፉበት የነበረ ነው ይላሉ። ጨርቅ አልብሼ መስኮት ሥር አቁሜዋለሁ፤ አልፎ አልፎ ዜና አይበታለሁ። እግር ማሳረፊያም ይሆናል። ላንቺ ይህን የመሰለ ነገር ልኬልሽ ቢሆን ኖሮ ምን ትይኝ እንደነበር እያሰብኩ እስቃለሁ።

አጎትሽ

የካቲት 17 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን አሉ? እኛ ደህና ነን። ሰላምታውን ሳላሳምር ስላለፍኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ዛሬ አልችልም። እናቴም አጠገቤ የለችም።

ጋሼ፣ የላኩልኝ ኮምፒውተር ደረጃ አያዞርም። ዜና ያሳያል፣ ዘፈን ያሰማል፣ ያምራል። ፕሮግራሙ ይከፈታል ብዬ ጽፌልዎ ነበር፤ ይከፈትና ይቆማል። ባለፈው ሰኞ ተቋራጩና ባለቤቱ ከኋላዬ ቆመው ደረጃውን አዙሪ አሉኝ። አዞርኩ። መሐሉ ላይ ደረሰና ደረቀ። እኔ ስጠብቅ፣ እነሱ ሲጠብቁ፣ ኮምፒውተሩ ሥር እንቁላል የሚጠበስ እስኪመስል ጋለ። ተቋራጩ ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ። የበያጆቹ አለቃ በሩ ላይ ሆኖ “እኛ ብረቱን ቆርጠን አስገጥመን ሳንቀድመው አይቀርም” አለ፤ ሁሉም ሳቀ። ባለቤቱ አልሳቀም። “የእጅ ንድፉን አምጪው” ብቻ አለኝ።

ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም ይሉኛል። ይሉኝታ ይዞኝ ነው። የዕረፍት ቀኑን ሸጦ ለገዛልኝ ሰው አይረባም ብዬ እንዴት ልጻፍ? ዋሸሁ፤ ውሸቴ ደግሞ ለአክስቴ ልጅም ኮምፒውተር ገዛ። በዚህ አፍሬያለሁ።

ግን መናደዴንም ልንገርዎ፤ ከመስከረም ጀምሮ ውስጤ ነው ያለው። ያገለገለ አልኩዎ፣ አዲስ ላኩ። ወፍራም አልኩዎ፣ ስስ ላኩ። ከባድ አልኩዎ፣ ሚዛን ላይ አስመዝነው ቀላሉን ላኩ። ደግነትዎ ሁልጊዜ ከጠየቅኩት ነገር ጎን ነው የሚያልፈው። ሕፃን ሆኜ ለትምህርት ቤት ደብተር ስል አሻንጉሊት ይልኩልኝ ነበር፤ ያኔም አመሰገንኩ።

አሁን ደግሞ መሐንዲሶች ድልድይ የነደፉበትን ኮምፒውተር ጨርቅ አልብሼ እግር አሳርፍበታለሁ ብለው ጻፉልኝ። እሱን ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ ተነሣሁ፤ ግቢውን ዞሬ ተመልሼ እንደገና አነበብኩት። ጋሼ፣ ከመስከረም ጀምሮ የምለምንዎ እሱን ነው። ጥቁሩን፣ ወፍጮውን፣ የሚያጓራውን። ሌላ አልፈልግም፤ ሽፋንም አልፈልግም። እባክዎ እሱን ይላኩልኝ።

የቤትዎን ንድፍ በእጄ ሠርቼ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 28 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን ከረሙ? መልስዎ ቀረ። ስልክም አያነሡም፤ ሲያነሡም ከእናቴ ጋር ስለ ጤና ብቻ አውርተው ይዘጋሉ። እኔ ልቀበል ስል “ሥራ ላይ ነኝ” ይላሉ።

እናቴ የጻፍኩትን ሰምታለች። ጎረቤትዎ ለእህቷ፣ እህቷ ለእናቴ። ከዚያ ወዲህ የምታናግረኝ “በሩን ዝጊው”ና “ብሊ” ብቻ ነው።

አዲሱ ነዳፊ ለሙከራ ገብቷል። የራሱን ኮምፒውተር ይዞ ከእኔ ጠረጴዛ ተቀምጧል፤ እኔ ከጎኑ ወንበር ስቤ ልኬት እሰጠዋለሁ። ከፎቅ ወለል እስከ ፎቅ ወለል የሚለካውን ከጣሪያ ሥር እየለካ ሁለት ደረጃ አበላሽቷል፤ ባለቤቱ ስለዚህ እስከ ግንቦት አጋማሽ ጊዜ ጨምሮልኛል። ከዚያ ወዲያ ግን ቱታዬ ቀለም ክፍል ተሰቅሎ ይጠብቀኛል።

ለሰው ሰጥተውት ከሆነም ይንገሩኝ። ተቀይመው ከሆነም ይንገሩኝ። ዝም አይበሉኝ ብቻ። በዚያ ደብዳቤ ከጻፍኩት ውስጥ ልመልሰው የምፈልገው አለ፤ የማልመልሰውም አለ።

የእህትዎ ልጅ

ሚያዝያ 19 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።

ያልጻፍኩልሽ ተቀይሜሽ ነው። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ያንን ስስ ዕቃ ስገዛ የተደሰትኩትን ያህል ለራሴ ገዝቼ ተደስቼ አላውቅም። ከጠበቅኩት በላይ ነው አልሽኝ፤ አምኜ ለሰው ሁሉ አወራሁ። አሁን እሑድ እሑድ “የማስመሪያ ኮምፒውተር እንዴት ነው?” ሲሉኝ ደህና ነው እላለሁ። አንቺም ዋሸሽ፣ እኔም እየዋሸሁ ነው። ደብተር ስትይ አሻንጉሊት ላከ ያልሽውን ግን ብዙ ቀን አሰብኩበት። አሻንጉሊት ለሕፃን ሲላክ ያምራል፤ ደብተር ግን ድሀ የሚልከው ይመስለኝ ነበር።

ከመሐንዲሶቹ አንዷን በር ላይ አስቁሜ የጻፍሽውን አንድ በአንድ ነገርኳት። ወፍጮውንም ነገርኳት። “ያለህ እሱ ከሆነ ሌላ እንዳትገዛላት” አለችኝ። እግሬን አነሣሁለት፤ ጨርቁንም ገፍፌ አቧራውን ጠረግኩለት።

ከዚያ የሚወስድልኝ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ስታየው “ይህማ ሰው ያህላል” ብላ በሩን መለስ አደረገችው። አንዱ “ሽቶ ቢሆን እወስድልህ ነበር” አለኝ። አንዱ እሺ ብሎ፣ በጉዞው ቀን ስልኩን ዘጋ። በፖስታ እንዳልልከው የጠየቁኝ ዋጋ ሌላ ኮምፒውተር ይገዛል፤ ለስብራቱም ዋስትና የለንም አሉኝ። የተሰማኝን ንዴት አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ሰው የሚፈልገውን በግልጽ ነግሮ አለመሰማት እንዴት እንደሆነ።

ስለዚህ የማመጣው እኔ ነኝ። ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ ግንቦት 6 እገባለሁ። ለባለቤቱ ንገሪው፣ ጠረጴዛሽንም አስለቅቂ።

ዘንድሮ እመጣለሁ፣ ዘንድሮ እመጣለሁ እያልኩ የቀረሁት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ሻንጣ ሞልቼ፣ ለእናትሽ፣ ለአክስቶችሽ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ይዤ ካልሆነ አልገባም ብዬ ነው። ትኬት ስገዛ ሻንጣው ባዶ ይሆንብኛል፤ ሻንጣውን ስሞላ ለትኬቱ አይተርፈኝም። እንደዚህ እያልኩ አረጀሁ። አሁን ትኬቱን ቆረጥኩ። የተፈቀደልኝን ኪሎ ኮምፒውተሩና ስክሪኑ ጨረሱት። ሸሚዞቼን ደራርቤ ለብሼ ነው የምሳፈረው። ለማንም ምንም አልያዝኩም፤ ለእትዬ አንድ ነጠላ ጫማ እንኳ።

እሷ ደግሞ እንደ ልማዷ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ባዶ እጄን እንደምመጣ አስቀድመሽ አንቺ ንገሪያት። እኔ ፊቷ ቆሜ ልነግራት አልችልም።

አጎትሽ